ሱቁ ተዘጋ፤ ውሉ ግን ገና አልተዘጋም

ንግድ አልሆን ሲል ባለቤቱ ቀድሞ የሚያስበው ስለ ዕቃውና ስለ ሰዉ ነው። መደርደሪያው ለማን ይሸጣል፣ ሠራተኛው እንዴት ይሰናበታል፣ የአቅራቢው ዕዳ ከየት ይከፈላል እያለ ሲያወጣና ሲያወርድ ያድራል። የቤት ኪራዩ ተራ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም «ቁልፉን አስረክቤ እወጣለሁ» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህን የምጽፈው በዚህች ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው። ንግዱ ከተዘጋ በኋላ ባለቤቱን ተከትሎ መኖሪያ ቤቱ ድረስ የሚመጣው ዕዳ ብዙ ጊዜ ገና ያልተሠራበት የኪራይ ዘመን ዕዳ ነው።

ነገሩ ከአረዳድ ይጀምራል። የአምስት ዓመት ውል የፈረመ ሰው ኪራዩን በወር በወር ስለሚከፍል ግዴታውም በየወሩ የሚታደስ ይመስለዋል። የገባው ግን አንድ ግዴታ ነው፦ የ60 ወር ኪራይ። በወር የተከፋፈለው አከፋፈሉ ብቻ ነው። የሒሳብ ባለሙያዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 16 ተከራይ ድርጅቶች ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ የኪራይ ውላቸውን ቀሪ ክፍያ ከዕዳቸው ተርታ እንዲያሰፍሩ ያዛል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) እርስዎም ዛሬ ማታ ውልዎን አውጥተው የቀሩትን ወራት ይቁጠሩና በኪራዩ ያባዙት። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ያን ያህል ይከፍላሉ ማለት ግን አይደለም፤ ከዚያ ቁጥር እንዴት እንደሚወረድ ነው ዋናው ጉዳይ።

የኪራይ ሕግ ከአገር አገር ይለያል፤ በአንድ አገር ውስጥም ከክልል ክልል ይለያል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ውሳኔዎች ከተለያዩ አገሮች የተወሰዱ ናቸው። የእርስዎን ጉዳይ የሚወስነው ውልዎና ያሉበት አገር ሕግ ነው፤ ጥያቄዎቹ ግን የትም ቢሆን ያው ናቸው።

ቁልፍ መመለስ ውል ማቋረጥ አይደለም

እንበል፣ አንዲት የልብስ ስፌት ባለሙያ የአምስት ዓመት ውል ይዛ ሁለት ዓመት ተኩል ሠርታለች። ሥራው እየቀዘቀዘ ሄዶ ኪራዩን ከራሷ ቁጠባ መክፈል ከጀመረች ከርማለች። በወሩ የመጨረሻ ቀን ማሽኖቿን አስጫነች፣ ወለሉን ጠረገች፣ ሁለቱን ቁልፎች ፖስታ ውስጥ ከትታ ለሕንፃው ጥበቃ ሰጠችው። «ወንድሜ፣ ለባለቤቱ አድርስልኝ፤ ጨርሻለሁ በለው» አለችው። እሱም «እሺ እህቴ፣ አደርሳለሁ» ብሎ ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው።

እሷ ጉዳዩ አለቀ ብላለች። በሕግ ዓይን ግን ገና ምንም አልሆነም። ከዚህ በኋላ አከራዩ ሦስት መንገድ ሊሄድ ይችላል። ቤቱን ተረክቦ «በቃ፣ ተለያይተናል» ሊል ይችላል፤ ያኔ ውሉ በሁለቱ ስምምነት ይቀራል። ወይም ውሉን እሷ እንዳፈረሰችው ቆጥሮ ያቋርጠውና የደረሰበትን ኪሣራ ይጠይቃታል። ወይም ደግሞ ዝም ይላል፤ ውሉ እንዳለ ይቀጥላል፣ ኪራዩም ባዶው ሱቅ ላይ በየወሩ ይቆጠራል። ብዙ ተከራዮችን የሚጎዳቸው ይህ ሦስተኛው ነው። ዝምታውን እንደ ስምምነት ይወስዱትና ከስምንት ወር በኋላ የስምንት ወር ውዝፍ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል።

አከራዩ ቁልፉን ስለተቀበለ ብቻ ውሉ እንዲቀር ተስማምቷል ለማለት አይቻልም። ባዶ ቤት እንዳይዘረፍ ወይም ውኃ ፈንድቶ እንዳይጎዳ ብዬ ነው የያዝኩት ማለት ይችላል፤ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ይህን ክርክር ሲቀበሉ ኖረዋል። ሁኔታው የሚለወጠው አከራዩ ውሉ እንዳበቃ የሚያሳይ ሥራ ሲሠራ ነው፦ ቤቱን በራሱ ስም ለሌላ ሲያከራይ፣ አፍርሶ ሲያድሰው፣ ራሱ ሲገባበት። ስለዚህ የስፌት ባለሙያዋ ያስፈለጋት ጥበቃው አልነበረም፤ አከራዩ የፈረመባት አንዲት ወረቀት ነበረች።

ውሉን እንደገና ማንበብ

ውሉ ሲፈረም ሰው ሁሉ የሚያነበው ኪራዩን፣ የዘመኑን ርዝመትና መያዣውን ነው። ሊወጣ ሲል ማንበብ ያለበት ሌሎቹን ነው።

መጀመሪያ የሚፈለገው ተከራዩ ዘመኑ ሳያልቅ ማስታወቂያ ሰጥቶ እንዲወጣ የሚፈቅድ አንቀጽ ነው። አንዳንድ አገር ሕጉ ራሱ ይህን መብት ይሰጣል። በፈረንሳይ መደበኛው የንግድ ቤት ውል ቢያንስ ዘጠኝ ዓመት ነው፤ ተከራዩ ግን በየሦስት ዓመቱ ማብቂያ የስድስት ወር ማስታወቂያ ሰጥቶ መውጣት ይችላል፤ ለዚህም «ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ» ይሉታል። በሌሎች አገሮች መብቱ የሚገኘው ውሉ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው።

አንቀጹ ካለ ደግሞ እንደ ተጻፈው፣ ፊደል በፊደል መፈጸም አለበት። ስንት ወር ቀደም ብሎ፣ በምን ዓይነት ጽሑፍ፣ ለማን፣ በየትኛው አድራሻ የሚለው ሁሉ ዋጋ አለው። በእንግሊዝ አንድ ተከራይ ጥር 13 ቀን ማለት ሲገባው ጥር 12 ቀን ብሎ ማስታወቂያ ላከ። በዚህች የአንድ ቀን ስሕተት ምክንያት ጉዳዩ በ1997 ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት እስከ ነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ፤ ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ ማስታወቂያውን የተቀበለ ሰው ስሕተቱን ሊስተው አይችልም ብለው ለተከራዩ ፈረዱለት። አንድ ዳኛ ሐሳቡን ቢለውጥ ኖሮ ተከራዩ የቀረውን ዘመን ኪራይ ይሸከም ነበር።

ክፍያውም እንደዚሁ ነው። ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የተባለው ትልቅ የእንግሊዝ ቸርቻሪ ለንደን ውስጥ የተከራየውን ቢሮ አስቀድሞ ለቀቀ። ኪራዩ በሦስት በሦስት ወር በቅድሚያ የሚከፈል ስለነበር የወጣበትን ሩብ ዓመት ሙሉውን ከፍሎ ነበር፤ የወጣው ግን ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ያልተጠቀመበትን የሁለት ወር ገንዘብ መልሱልኝ ብሎ ተከራከረ። በ2015 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ውሉ ይመለሳል አይልምና አይመለስም አለው። እንዲህ ያለ ተቋም፣ ያን ሁሉ ጠበቃ ይዞ፣ አንዲት ሐረግ ውሉ ላይ ባለመኖሯ ገንዘቡን አጣ። ስለዚህ የመውጫ ቀንዎንና የክፍያ ቀንዎን ጎን ለጎን አድርገው ይዩአቸው።

ከዚህ ሌላ አራት ነገር ይፈልጉ፦ ውሉን ለሌላ ማስተላለፍ ወይም ተከራይቶ ማከራየት ይፈቀዳል ወይ? ውሉ ቢፈርስ ተብሎ የተቀመጠ ቅጣት አለ ወይ? ሲወጡ ቤቱን ወደ ቀድሞው ይዞታ መመለስ ግዴታዎ ነው ወይ? ዋስ ሆኖ የፈረመውስ ማን ነው? ቤቱን መመለስ የሚለው ቀላል መስሎ ይታለፋል፤ ግን የሠሩትን ክፍልፋይ ማፍረስ፣ የቀየሩትን ወለል መልሶ ማንጠፍ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ወደ ነበረበት ማምጣት የብዙ ወር ኪራይ ሊበላ ይችላል።

«ከአቅም በላይ» የሚለው ብዙም አያድንም

ተከራይ ሁሉ አንድ ጊዜ የሚያነሣው ጥያቄ ነው፦ ገበያው ሞቷል፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ ውሉ እንዲቀርልኝ ማድረግ አይቻልም? በአጠቃላይ መልሱ አይቻልም ነው። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር የሚባለው ግዴታውን መፈጸም የማይቻል ሲሆን እንጂ ሲከብድ ወይም ሲያከስር አይደለም። የንግድ አለመሳካት ደግሞ ነጋዴው ራሱ የተሸከመው አደጋ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ይህ ምን ያህል ጠበቅ ያለ እንደሆነ የሚያሳየው የአውሮፓ የመድኃኒቶች ኤጀንሲ ታሪክ ነው። ኤጀንሲው ለንደን ውስጥ በካናሪ ዎርፍ እስከ 2039 የሚዘልቅ የ25 ዓመት ውል ነበረው፤ አስቀድሞ የመውጣት መብትም አልነበረውም። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ስትወስን መሥሪያ ቤቱን ወደ አምስተርዳም ማዛወር ግድ ሆነበት። ውሉ መሠረቱን አጥቷልና ይቅርልኝ ብሎ ተከራከረ፤ በ2019 የለንደኑ ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። አገር ከአገር ተለያይቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ባሕር ተሻግሮ እንኳ ኪራዩ ቀጠለ። ደንበኛ ቀነሰብኝ የሚል ሱቅ በዚህ መንገድ ከውል ለመውጣት ተስፋ ባያደርግ ይሻለዋል።

የአከራዩ እውነተኛ ኪሣራ ስንት ነው?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቁጠር፤ ድርድሩ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ሒሳብ ላይ ነው። ወደ ስፌት ባለሙያዋ እንመለስ። ቀሪዋ 30 ወር ነው። በገንዘብ ፈንታ በወር ኪራይ እንቁጠረው። አከራዩ ተቆጥቶ ቢጽፍ የሚጽፈው «የ30 ወር ኪራይ ክፈይ» ነው።

አሁን በእውነት የሚያጣውን እንይ። ሌላ ተከራይ ለማግኘት አምስት ወር ፈጀበት እንበል፦ አምስት ወር ጠፋ። አዲሱ ተከራይ ከቀድሞው ኪራይ 10 በመቶ ቀንሶ ገባ፤ በቀሩት 25 ወራት የሚጎድለው ሁለት ወር ተኩል ነው። ደላላ፣ ቀለምና ትንንሽ ጥገና የአንድ ወር ተኩል ኪራይ ፈጀ እንበል። ድምሩ ዘጠኝ ወር ነው። የሦስት ወር መያዣ በእጁ ካለ ደግሞ የሚቀርበት ስድስት ወር ብቻ ነው። 30 ብሎ የጀመረው ቁጥር ስድስት ሆነ። ቤቱ ተፈላጊ ቦታ ላይ ከሆነና አዲሱ ተከራይ የበለጠ የሚከፍል ከሆነማ አከራዩ በመውጣትዎ ሊያተርፍም ይችላል።

ፍርድ ቤት የትኛውን ቁጥር ይወስዳል? ይህ አከራዩ ጉዳቱን የመቀነስ ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም በሚለው ላይ ይመሠረታል። ግዴታው ካለ፣ ቤቱን ባዶ አስቀምጦ ኪራይ መጠየቅ አይችልም፤ ሌላ ተከራይ ለማግኘት የሚገባውን ጥረት ማድረግ አለበት፣ ካላደረገ ሊያገኝ ይችል የነበረው ይቀነስበታል። በአሜሪካ ቴክሳስ ግዴታው በሕግ ተጽፏል፤ ተከራዩ መብቱን ትቷል የሚል አንቀጽ ውሉ ላይ ቢገባ እንኳ ዋጋ የለውም። በዚያው አገር ኒውዮርክ ላይ ግን የክልሉ የመጨረሻ ፍርድ ቤት በ1995 የንግድ ቤት አከራይ ይህ ግዴታ የለበትም ብሏል። እንግሊዝም ወደዚሁ ታደላለች፦ ቢሮ ተከራይተው ጥለው የወጡ የሕግ ባለሙያዎች «አከራዮቻችን ሌላ ሰው ለማስገባት አልሞከሩም» ብለው ቢከራከሩ፣ በ2006 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አከራዮቹ ዝም ብለው ኪራያቸውን መጠየቅ ይችላሉ አለ። ሕግ አዋቂዎቹ ራሳቸው በዚህ ተሸነፉ።

ስለዚህ ጠበቃ ጋ ሲሄዱ ቀድመው የሚጠይቁት ይህን ይሁን፦ «እኔ ባለሁበት አገር የንግድ ቤት አከራይ ጉዳቱን የመቀነስ ግዴታ አለበት?» መልሱ አዎ ከሆነ የሚደራደሩት ከዘጠኝ ላይ ነው፤ አይደለም ከሆነ የአከራዩ እጅ ረዘም ያለ ነው። ያኔም ቢሆን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም፤ የከሰረ ሰው ላይ የ30 ወር ፍርድ ይዞ መዞርና ዛሬ ሰባት ወር ተቀብሎ ነገ ቤቱን ማከራየት ለአከራዩም እኩል አይደሉም።

ገና እየከፈሉ ሳለ መነጋገር

በእኔ እምነት ተከራዮች የሚሠሩት ትልቁ ስሕተት መዘግየት ነው፤ ምክንያቱም ኀፍረት ነው። ንግዱ እየወደቀ መሆኑን ለአከራይ መናገር ሽንፈትን ማወጅ ይመስላቸዋል። ስለዚህ አንድ ወር ከቁጠባ፣ አንድ ወር ከወዳጅ፣ አንድ ወር በብድር ይከፍላሉ፤ ከዚያ ሁለት ወር ያስተላልፋሉ፣ ስልክ አያነሡም። በመጨረሻ ሲገናኙ የሚያቀርቡት ምንም የላቸውም፤ አከራዩም ተቀይሟል፣ ውሉንም ያፈረሱት እነሱ ናቸው።

ውዝፍ የሌለበት ተከራይ ግን የሚያቀርበው ነገር አለው። በቅን ልቦና የቀረበ ነው፣ ጥቂት ገንዘብ ቀርቶታል፣ አከራዩ ባዶ ቤት ሳያይ ሌላ ተከራይ የሚፈልግበት ጊዜ ይሰጠዋል። አከራይ የሚፈራው ምን እንደሆነ ያስቡ፦ ቤቱ ጨለማ ሆኖ ሲቆም፣ ለማስለቀቅ ዓመት የሚፈጅ ክርክር፣ የሱቁን ዕቃ የሚከብቡ ሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች። የርስዎ ቅናሽ የሚገኘው እነዚህን ስለሚያስቀሩለት ነው።

ሲሄዱ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ያለፈውን አንድ ዓመት ሽያጭና ወጪ በአንድ ገጽ ይያዙ፤ ንግዱ በእውነት እንደማይዘልቅ ያሳያል። የሚወጡበትን ቀን ይወስኑ። ለመክፈል የሚችሉትን ቁጥር ይያዙ። ከተቻለ ሊገባ የሚፈልግ ሰው ይዘው ይሂዱ፤ በእኔ ግምት ከዚህ የበለጠ አከራይን የሚያለዝብ ነገር የለም። ንግግሩም እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ «ጋሼ፣ እስካሁን አንድም ወር አላሳለፍኩብዎትም። ሥራው ግን ሊይዝልኝ አልቻለም፤ ሒሳቡን ይዤ መጥቻለሁ። ሦስት ወር ልቆይና እየከፈልኩ ሌላ ሰው እንፈልግ። ከተገኘ መያዣዬን ይዘው ይልቀቁኝ፤ ካልተገኘም የሁለት ወር ጨምሬ ልውጣ።» ልመና አይደለም፤ ጥቅሙን አስልቶ የቀረበ ሐሳብ ነው።

የሚሰጠውም ገንዘብ ብቻ አይደለም። የሠሩትን መደርደሪያና መብራት ትተው ከወጡ ቀጣዩ ተከራይ ሊፈልገው ይችላል፤ በዚያው ቤቱን ወደ ቀድሞው የመመለሱ ግዴታ ይቅርልኝ ማለት ይቻላል። ቤቱን በሥራ ሰዓት ለሚጎበኙ ክፍት ማድረግም ዋጋ አለው፤ ሰው ያለበት ሱቅ ከተዘጋ ሱቅ በቶሎ ይከራያል። አከራዩ ጨርሶ መልቀቅ ባይፈልግ እንኳ ኪራይ መቀነስ፣ ግማሹን ቦታ መመለስ ወይም ለጥቂት ወራት ማስተላለፍ የመሳሰሉ መካከለኛ መንገዶች አሉ። ይህኛው የሚረዳው ግን ንግዱ በእውነት ሊያገግም ከቻለ ነው። የማይድነውን በቅናሽ ኪራይ ማስታመም ዕዳውን ከማሳደግ በቀር ምንም አይፈይድም።

ደብዳቤ ሲጻጻፉ ይህ ለስምምነት የሚደረግ ንግግር እንደሆነ፣ ከውሉ የሚመነጭ መብትዎን እንዳልተዉ ይግለጹ። ስምምነቱ እስኪፈረም «ከዚህ ወር በኋላ አልከፍልም» ብለው አይጻፉ፤ እንዲህ ያለ ቃል ውሉን አፍርሷል ለማለት ማስረጃ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ይግባ። ሌሊት ዕቃ ማውጣት አደገኛ ነው። በብዙ አገሮች ሕግ አከራይ ላልተከፈለ ኪራይ በሱቁ ውስጥ ባለ ንብረት ላይ ቅድሚያ መብት አለው። በድብቅ ማሸሽ፣ ንብረትን በዘመድ ስም ማዞር፣ ለአንዱ ገንዘብ ጠያቂ ከፍሎ ሌላውን መተው በኋላ ሊሻር ይችላል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቅን የነበረን ሰው እንደ አጭበርባሪ ያስቆጥረዋል።

ለሌላ ማስተላለፍ

ውሉን የሚረከብ ሰው ካገኙ ሁለት የማይመሳሰሉ መንገዶች አሉ። አንዱ ውሉን ሙሉ በሙሉ ማስተላለፍ ነው፤ አዲሱ ሰው በእርስዎ እግር ይተካል። ሌላው ተከራይቶ ማከራየት ነው፤ እርስዎ የአከራዩ ተከራይ እንደሆኑ ይቀሩና ለሦስተኛው ሰው ራስዎ አከራይ ይሆናሉ። ለሁለቱም ብዙውን ጊዜ የአከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ የሚያዘናጋ ነው። ያ የመድኃኒቶች ኤጀንሲ ፍርድ ቤት ከተሸነፈ በኋላ በ2019 ሕንፃውን ዊወርክ ለተባለው፣ ቢሮ ተከራይቶ መልሶ ለሚያከራይ ድርጅት አከራየው። ዊወርክ ደግሞ ራሱ በኅዳር 2023 አሜሪካ ውስጥ የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ። ተከራይዎ ቢከስር በዋናው ውል ተጠያቂው እርስዎ ነዎት፤ እንዲህ ያለው ግዙፍ ድርጅት ከከሰረ ከመንገድ የተገኘ ሰው ምን ዋስትና አለው?

ማስተላለፉም ቢሆን ሁልጊዜ ነፃ አያወጣም። በእንግሊዝ ከ1996 በፊት በተፈረሙ ውሎች የመጀመሪያው ተከራይ ውሉን አስተላልፎ ከሄደ ከዓመታት በኋላ፣ የማያውቀው ሰው ላልከፈለው ኪራይ ይጠየቅ ነበር። የ1995ቱ ሕግ ከ1996 ወዲህ ለሚፈረሙ ውሎች ይህን ቀየረው፤ አከራዩ ግን ለተተኪው ተከራይ ዋስ ሁን ብሎ ሊያስፈርም ይችላል። ስለዚህ «ከዛሬ ጀምሮ የቀድሞው ተከራይ ከማንኛውም ግዴታ ነፃ ነው» የሚል ቃል ሰነዱ ላይ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ።

ዋስትናው

ንግዱ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ከሆነ ባለቤቱ «ዕዳው የማኅበሩ ነው፤ እኔን አይነካኝም» ይላል። ውሉን የፈረመው ማኅበሩ ብቻ ከሆነ እውነቱን ነው። አከራዮች ግን ይህን ስለሚያውቁ አዲስ ማኅበር ሲመጣ ባለቤቱን በግሉ ዋስ አድርገው ያስፈርማሉ። ያቺ የመጨረሻ ገጽ፣ በችኮላ የተፈረመችው፣ አንዳንዴም የትዳር ጓደኛ ፊርማ ያለባት፣ የተወሰነውን ኃላፊነት ያልተወሰነ ታደርገዋለች። ስለዚህ ከሌላው ገጽ ሁሉ ቀድማ መነበብ ያለባት እሷ ናት፦ ዋስትናው ለስንት ወር ነው? ጣሪያ አለው? ውሉ ሲተላለፍ ይቀራል ወይስ ይቀጥላል?

ኒውዮርክ ውስጥ የተለመደ አንድ መላ አለ፤ «የደግ ሰው ዋስትና» እንደማለት ይጠሩታል። ዋሱ ኃላፊ የሚሆነው ተከራዩ ቤቱን እስኪለቅ ድረስ ላለው ኪራይ ብቻ ነው፤ አስቀድሞ አሳውቆ፣ እስከዚያ ቀን ያለውን ከፍሎ፣ ቤቱን ባዶ አድርጎ ቁልፉን ካስረከበ ለቀሪው ዘመን በግሉ አይጠየቅም። ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አከራዩ ቤቱን ያለ ክርክር ያገኛል፣ ተከራዩም መኖሪያ ቤቱን አያጣም። አዲስ ውል የሚፈርም ሰው ይህን ከመጀመሪያው ቢጠይቅ፣ አሁን የሚወጣውም በድርድሩ ወቅት ዋስትናው በዚህ መልክ እንዲሻሻል ቢያነሣ አይጎዳም።

ኪሣራ ማወጅ

ይህ የመጨረሻው በር ነው፤ ያለ ባለሙያ አይነካም። ከኪራይ አንጻር ማወቅ የሚገባው፣ ብዙ አገሮች በኪሣራ ሒደት የማይጠቅምን ውል መተው እንደሚፈቅዱ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አከራዩ ለቀሪው ዘመን የሚጠይቀው ጣሪያ አለው፤ ውዝፉ ሳይቆጠር፣ የአንድ ዓመት ኪራይ ወይም የቀሪው ዘመን 15 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው፣ 15 በመቶው ግን ከሦስት ዓመት ሳያልፍ። የስፌት ባለሙያዋ ንግድ ማኅበር ቢሆንና 30 ወር ቢቀረው 15 በመቶው አራት ወር ተኩል ስለሆነ ጣሪያው 12 ወር ይሆናል፤ አሥር ዓመት ቢቀረው 18 ወር። ይህ መጠየቅ የሚችለው እንጂ የግድ የሚያገኘው አይደለም፤ ከሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ተሰልፎ የሚደርሰውን ይወስዳል። ማኅበሩ በዚህ ሲገላገል ግን በግሉ ዋስ የሆነው ሰው እዚያው ሊቀር ይችላል።

የመጨረሻው ቀን

ስምምነት ላይ ከደረሱ በቃል አይለያዩ። ወረቀቱ ላይ ውሉ የሚያበቃበት ቀን፣ የሚከፈለው ገንዘብና ቀኑ፣ መያዣው ለምን እንደዋለ፣ የሚተወው ዕቃ፣ ቤቱን የመመለሱ ግዴታ መቅረቱ፣ ከዚህ በኋላ አንዱ ከሌላው የሚጠይቀው እንደሌለ ይጻፍ። ዋሱም በስሙ ተጠቅሶ ነፃ መሆኑ ይጻፍ፤ ማኅበሩ ነፃ ሲወጣ ዋሱ አብሮ የወጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ተከራዩ ማኅበር ከሆነ ማኅበሩን ወክሎ ለመፈረም ሥልጣን ያለው ሰው ይፈርም፤ በአከራዩም በኩል እንዲሁ፣ ወኪል ከሆነ ውክልናውን አይተው።

ርክክቡ በቀን ብርሃን ይሁን። ባዶውን ቤት ከበሩ ጀምሮ በስልክ ይቅረጹ፤ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ መጸዳጃውን። የውኃና የመብራት ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ከአከራዩ ጋር አብረው አንብበው ይመዝግቡ፤ ቆጣሪው በስምዎ ከሆነ በዚያው ሳምንት ያዘጉት ወይም ያዛውሩት፣ አለዚያ የቀጣዩን ተከራይ መብራት እርስዎ ይከፍላሉ። ቁልፎቹን ይቁጠሩ፦ የፊት በር ሁለት፣ የኋላ አንድ፣ የብረት መጋረጃው አንድ። ቁጥራቸው በርክክብ ሰነዱ ላይ ይስፈር፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁ አንድ አንድ ቅጂ ያዙ።

ከመውጣትዎ በፊት የፈረሙትን የዋስትና ሰነድ ዋናውን ቅጂ ይጠይቁ። «ተሰርዟል» ተብሎ ተጽፎበት፣ ቀን ተጥሎበት፣ በአከራዩ ፊርማ በእጅዎ ሲገባ፣ ያኔ ቁልፎቹን ያስረክቡ።